መልስ፦ ማርቲን ሉተር ኪንግ ከጋንዲ ሐሳብ ጋር የተዋወቀው የት ነው?

ጤና ይስጥልኝ። ኪንግ የጋንዲን ያለ ዓመፅ የመታገል ሐሳብ ያገኘው ጥቁሮች በአውቶቡስ ላይ የነበረውን የዘር መድልዎ በመቃወም እ.ኤ.አ. በ1955–56 ባካሄዱት በሞንትጎመሪው (አላባማ) የአውቶቡስ አድማ ወቅት ነው ወይስ ቀደም ብሎ በማለት ለጠየቁት፣ መልሱ ገና ተማሪ ሳለ የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በ19 ዓመቱ በፔንሲልቬንያ፣ ቼስተር ወደሚገኘው ክሮዘር የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ሲገባ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነጮች ነበሩ፤ ጥቁር ሰው ሰነፍና ዝርክርክ ነው የሚለውን አመለካከት ላለማረጋገጥ ሲል ክፍሉን አጽድቶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ልብሱን ተኩሶ፣ ሰዓት አክብሮ ለመገኘት ከልክ በላይ ይጨነቅ እንደነበር ራሱ ተናግሯል።

በዚያው ዘመን የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሞርዴካይ ጆንሰን ከሕንድ ጉዟቸው ተመልሰው በፊላደልፊያ ስለ ጋንዲ ሲናገሩ ሰምቶ እጅግ ከመመሰጡ የተነሣ ስለ ጋንዲ የተጻፉ መጻሕፍትን ገዝቶ አነበበ። የአሜሪካዊው የነገረ መለኮት ሊቅ የዋልተር ራውሸንቡሽ የማኅበራዊ ወንጌል አስተምህሮም፣ ቤተ ክርስቲያን ለነፍስ ብቻ ሳይሆን ለሥጋ ችግርም መቆም አለባት የሚለውን እምነቱን አጠናክሮለታል። እ.ኤ.አ. በ1951 ከክፍሉ አንደኛ ሆኖ ተመረቀ።

ይሁን እንጂ ማንበብና መኖር ይለያያሉና፣ በእኔ ግምት በአድማው ወቅት ነው የሚለው የጥያቄዎ ክፍልም ግማሽ እውነት አለው፤ አድማው በመካሄድ ላይ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 መጀመሪያ ቤቱ በቦምብ ከተመታ በኋላ ኪንግ የሽጉጥ ፈቃድ ጠይቆ ተከልክሏል፤ ይህም በተማሪነቱ ያነበበውን ያለ ዓመፅ የመታገል ሐሳብ ያን ጊዜ ገና ሙሉ በሙሉ እንዳልኖረው ያሳያል።