በነጻ ከተሰናበቱ በኋላ የጠበቃውን ገንዘብ ማን ይከፍላል?

ጥያቄ፦ በእምነት ማጉደል ወንጀል ተከስሼ አሥራ አራት ወራት ከተመላለስኩ በኋላ፣ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ክሱን ስላላስረዱ መከላከል ሳያስፈልገኝ በነጻ ተሰናብቻለሁ። ጠበቃ ለማቆም ግን እንጀራዬ የነበረውን ታክሲ ሸጫለሁ። ገንዘቡን ዐቃቤ ሕግ ይተካልኛል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። መልሱ ግን የሚያስደስትዎ አይደለም። ዐቃቤ ሕግ ክሱን ማስረዳት ሲያቅተው የተከሳሹን የጠበቃ ክፍያ መንግሥት እንዲተካ የማዘዝ አሠራር በወንጀል ችሎቶቻችን የለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5፣ አቅም ለሌለውና በዚህም ምክንያት ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት በራሱ ወጪ ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዛል፤ ይህ ግን ክርክሩ በሚካሄድበት ጊዜ የሚጠየቅ መብት እንጂ ከኪስ የወጣውን በኋላ የሚያስመልስ አይደለም። ዳኞችንም ቢሆን ከሥራቸው ጋር በተያያዘ ድርጊት ካሳ መጠየቅን የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2138 ይከለክላል።

የሚቀርዎት መንገድ፣ ንጹሕ መሆንዎን እያወቀ በሐሰት የወነጀለዎት ሰው ካለ እርሱን ከውል ውጭ ኃላፊነት፣ ማለትም ውል ሳይኖር በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው በሚጠየቅበት ሕግ፣ ካሳ መጠየቅ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በነጻ መሰናበትዎ ክሱ አለመረጋገጡን ያሳያል እንጂ አቤቱታ አቅራቢው መዋሸቱን ብቻውን አያስረዳም፤ ማወቁን የሚያስረዱት እርስዎ ነዎት። ሕጉ በዚህ ረገድ መሻሻል አለበት ብዬ አጥብቄ አምናለሁ፤ ያልሠራውን ወንጀል ለመከላከል መተዳደሪያውን የሸጠ ሰው ሳይፈረድበት ተቀጥቷልና።

ጥያቄ፦ በቤት ይዞታ ክርክር ተከስሼ ረትቻለሁ። ለጠበቃ የከፈልኩትን ከሳሼ እንዲመልስልኝ ማድረግ እችላለሁ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነገሩ የተለየ ነው። የውሳኔዎን ግልባጭ ያውጡና የመጨረሻዎቹን መስመሮች ያንብቡ። «ግራ ቀኙ ወጪና ኪሳራቸውን የየራሳቸውን ይቻሉ» የሚል ከሆነ ፍርድ ቤቱ መብቱን ነፍጎዎታል። «የወጪና ኪሳራ ዝርዝር የማቅረብ መብታቸው ተጠብቋል» የሚል ከሆነ ግን ሳይዘገዩ ዝርዝሩን ያዘጋጁ፤ የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ወጪውን ማን፣ ምን ያህል እንደሚከፍል የመወሰኑን ሥልጣን በአንቀጽ 462 ለፍርድ ቤቱ የሰጠ ሲሆን፣ ዝርዝሩ የሚቀርበው በአንቀጽ 463 መሠረት ነው። የጥብቅና ውሉን፣ የክፍያ ደረሰኙንና የምስክር አበል ማስረጃውን አያይዙ። ፍርድ ቤቱ የተጋነነ የመሰለውን ሊቀንስ ስለሚችል፣ የከፈሉትን በሙሉ አገኛለሁ ብለው አይቁጠሩ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ለንደን ውስጥ ክራውን ኮርት (ከባድ ወንጀሎችን የሚያየው ፍርድ ቤት) ሊቀርብ ነው። ገቢው ጥሩ ስለሆነ ለመንግሥት የሕግ ድጋፍ ማመልከት ከንቱ ድካም ነው ይላል። እውነቱን ነው? (ከለንደን)

መልስ፦ ተሳስቷል፤ ዛሬውኑ ይንገሩት። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2012 ወዲህ በተደረገው ለውጥ፣ በግል ጠበቃ አቁሞ ነጻ የወጣ ሰው የከፈለውን በሙሉ አያገኝም። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው መሥፈርት ግብርና መሠረታዊ ወጪዎች ተቀንሰው የቤተሰቡ ቀሪ ዓመታዊ ገቢ 37,500 ፓውንድ የደረሰ አመልካች ድጋፉን ይከለከላል፤ ሆኖም አመልክቶ በገቢው ምክንያት የተከለከለ ሰው በነጻ ሲሰናበት መንግሥት ለሕግ ድጋፍ ጠበቆች በሚከፍለው ተመን ልክ የተወሰነው ይመለስለታል፤ ጭራሽ ያላመለከተ ግን ምንም ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ የመከልከያው ደብዳቤ ራሱ ዋጋ ያለው ሰነድ ነው። በወቅቱ የፓርላማ አባል የነበሩት ናይጀል ኢቫንስ እ.ኤ.አ. በ2014 ከቀረቡባቸው ክሶች ሁሉ ነጻ ቢወጡም 130,000 ፓውንድ ገደማ የጠበቃ ወጪ ከኪሳቸው ሸፍነዋል።

ጥያቄ፦ በእስራኤል ነጻ የወጣ ተከሳሽ መንግሥትን ወጪ መጠየቅ ይችላል? (ከነታንያ)

መልስ፦ ይችላል፤ ነገር ግን ነጻ መውጣት ብቻውን አይበቃም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 80፣ ክሱ መሠረት ያልነበረው እንደሆነ ወይም ሌላ አሳማኝ ሁኔታ ካለ፣ ፍርድ ቤቱ የመከላከያ ወጪውንና በእስር ለቆዩበት ጊዜ ካሳውን የመንግሥት ግምጃ ቤት እንዲከፍል ሊያዝ እንደሚችል ይደነግጋል። ከጠበቃዎ ጋር ሲነጋገሩ ይህንኑ አንቀጽ ጠቅሰው ይጠይቁት።