«ለሕዝብ ጥቅም» ሲባል ንድፌን በስጦታ መስጠት አለብኝ?

ጥያቄ፦ ቡሬ ውስጥ መንግሥት በሠራው ሼድ በብረታ ብረት ሥራ እተዳደራለሁ። ፍሬውን ሳይሰብር የሚፈለፍል የበቆሎ መፈልፈያ ማሽን ሠርቻለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት «ንድፉን ለሕዝብ ጥቅም በስጦታ አስረክብ፤ እምቢ ካልክ ሼዱን ትለቃለህ» ይለኛል። ወፍጮ ቤትም ስላለኝ «ከሁለቱ አንዱን ምረጥ» ተብያለሁ። «አትላስ ሽረግድ» የሚባለውን ፊልም ሳይ የራሴ ታሪክ መሰለኝ። ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ፊልሙ ንግግር ይበዛበታል፤ ለጠበቃ የሚሆኑ ሁለት ትዕይንቶች ግን አሉት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 በወጣው የመጀመሪያ ክፍል፣ አንድ ሰው ከአንድ በላይ ድርጅት እንዳይኖረው የሚከለክል ሕግ ይወጣል። ለአሜሪካዊ ተመልካች ይህ ልብ ወለድ ነው፤ እኛ ኖረንበታል። ደርግ በ1968 በአዋጅ ቁጥር 76 ነጋዴውን በአንድ የንግድ ሥራ ወስኖ፣ የካፒታል ጣሪያውን ለችርቻሮ 200 ሺህ፣ ለጅምላ 300 ሺህ፣ ለኢንዱስትሪ 500 ሺህ ብር አድርጎት ነበር። ያ ዘመን አልፏል። የ1987 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 በመረጡት የኢኮኖሚ ሥራ የመሰማራት መብት ይሰጥዎታል። ለወፍጮ ቤቱ ፈቃድ ካለዎት፣ የሼድ ውልዎም ሌላ ሥራ የማይከለክል ከሆነ፣ «ምረጥ» ያለዎት ሹም የሚመካበትን ሕግ በቁጥር ይጥቀስ።

ሁለተኛው ትዕይንት ለእርስዎ ይበልጥ ይቀርባል። ብረት አምራቹ ሪርደን የፈጠረውን ብረት «በስጦታ» ለመንግሥት ይፈርማል፤ የሚፈርመው የወዳጁ ስም እንዳይጠፋ ተብሎ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1706 መሠረት ውል በኃይል ተገኘ የሚባለው በተዋዋዩ፣ በወላጆቹ፣ በልጆቹ ወይም በትዳር ጓደኛው ሕይወት፣ አካል፣ ክብር ወይም ንብረት ላይ ከባድና የተቃረበ አደጋ ሲያሰጋ ነው። (ወዳጅ ከዝርዝሩ የለችም፤ ሪርደን እዚህ ቢከሰስ ጠበቃው ላብ በላብ ይሆን ነበር።) የእርስዎ ጉዳይ ግን ከሥራዎና ከንብረትዎ ጋር የተያያዘ ነው። መሥሪያ ቤቱ «ሼዱን ማስለቀቅ መብቴ ነው» ቢል እንኳ፣ በመብት ማስፈራራት ከመጠን ያለፈ ጥቅም ለማግኘት ሲውል አንቀጽ 1708 ውሉን ለማፍረስ በር ይከፍታል። ከፈረሙ በኋላ ግን ማስረዳቱ የእርስዎ ሸክም ይሆናል፤ ክሱም ማስፈራሪያው ከቀረ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ስለዚህ አይፈርሙ።

«ለሕዝብ ጥቅም» የሚለው ቃልም በነጻ ማለት አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 በጉልበትና በፈጠራ ችሎታ የተገኘን፣ የማይዳሰስ ቢሆንም እንኳ፣ የግል ንብረት ይለዋል፤ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲወስድም ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ እንዲከፍል ያዛል።

ደስ የማይለውንም ልንገርዎ። ሼዱ የእርስዎ አይደለም። የፊልሙ ሰው በራሱ ፋብሪካ ውስጥ ቆሞ ነው የሚከራከረው፤ እርስዎ ውልዎ ካበቃ ፍርድ ቤት ውሉን ነው የሚያነበው። የሚያበቃበትን ቀን ዛሬውኑ ይመልከቱ። የቃል ትእዛዝ አይቀበሉ፤ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይጠይቁ። እምቢ ካሉዎት ጥያቄዎን በመዝገብ ቤት በኩል አስገብተው ቅጂው ላይ ያስፈርሙ። ከዚያ ለበላይ አካል፣ ካልሆነም ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይቻላል።

ንድፉን በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብም አይዘግይ። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 አነስተኛ ፈጠራ ለ5 ዓመት ይጠበቃል፤ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። መሠረቱ ግን አዲስነት ነው። ማሽኑን ሸጠው ከሆነ የመጀመሪያው ሽያጭ መቼና ለማን እንደነበረ ከደረሰኙ ጋር ይላኩልኝ፤ ምክሬ በዚያ ሊለወጥ ይችላል።