ሥር የሰደደ የጉበት ሕመም፦ የቀን ሕክምና ክፍል ወይስ ድንገተኛ ክፍል?

የጉበት ሕሙማንን በቀን ሕክምና ክፍል ለረጅም ጊዜ ስከታተል የቆየሁ ባለሙያ ነኝ፤ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ አባቴ የጉበት ሲሮሲስ (ጉበት በጠባሳ ተሞልቶ የሚጠጥርበት ሕመም) አለባቸው። ሆዳቸው ውሃ ይዞ በተወጠረ ቁጥር ድንገተኛ ክፍል እንወስዳቸዋለን። ሌላ መንገድ አለ?

መልስ፦ አለ። ቀስ እያለ የሚጠራቀም ውሃ መቼ ተመልሶ እንደሚሞላ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚገመት፣ አስቀድሞ ቀጠሮ ተይዞ በቀን ሕክምና ክፍል ሊቀዳ ይችላል። ጠዋት ገብተው ደማቸው ይመረመራል፤ ውሃው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይወጣል፤ ከ5 ሊትር በላይ ከተቀዳም የደም ዝውውራቸውና ኩላሊታቸው እንዳይጎዳ፣ ለወጣው ለእያንዳንዱ ሊትር 8 ግራም ገደማ አልቡሚን የተባለ የደም ፕሮቲን በደም ሥር ይሰጣቸውና በዚያው ቀን ቤታቸው ይገባሉ። ድንገተኛ ክፍል ቅድሚያ የሚሰጠው ሕይወቱ አፋጣኝ አደጋ ላይ ላለ ሰው ስለሆነ፣ ሆዱ ቢወጠርም የተረጋጋ ሕመምተኛ እዚያ ለሰዓታት ይጠብቃል፤ አንዳንዴም አልጋ ይዞ የሚያድረው ሕመሙ ስለከፋ ሳይሆን ውሃውን የሚቀዳ ባለሙያ በሰዓቱ ስላልተገኘ ነው። ይህን ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ፤ ሊቀር የሚችል እንግልት ነውና።

ጥያቄ፦ ውሃ የምቀዳው ነገ ነው፤ ዛሬ ግን ትኩሳትና የሆድ ሕመም ጀመረኝ። ቀጠሮዬን ልጠብቅ?

መልስ፦ አይጠብቁ፤ አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። በሆድ ውስጥ ያለው ውሃ በባክቴሪያ ተመርዞ ሊሆን ይችላል። ከውሃው ጥቂት ናሙና ተወስዶ ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር 250 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ የባክቴሪያው ዓይነት እስኪለይ ሳይጠበቅ አንቲባዮቲክ ይጀመራል። ደም ማስታወክ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ አዲስ የመጣ መደናገርና የሽንት በጣም መቀነስም ለነገ የሚተዉ አይደሉም።

ጥያቄ፦ እናቴ ላክቱሎስ (ጉበት ያላጣራው መርዝ አንጎልን እንዳይጎዳ በሰገራ እንዲወጣ የሚረዳ መድኃኒት) እየወሰደች ቀን ትተኛለች፣ ሌሊት ትነቃለች። ወዴት ልውሰዳት?

መልስ፦ በንግግሯ የማትደናገርና በቀላሉ የምትነቃ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ለሚከታተሏት ባለሙያዎች ይደውሉ፤ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ለስላሳ ሰገራ እንድትወጣ መድኃኒቱን ያስተካክሉላታል። ቀኑን ወይም ያለችበትን ቦታ ከሳተች፣ ወይም ለመቀስቀስ ካስቸገረች ግን ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ከበስተጀርባው ኢንፌክሽን ወይም የውስጥ ደም መፍሰስ ሊኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ ለወገብ ሕመም አይቡፕሮፌን ልውሰድ?

መልስ፦ አይውሰዱ። በሲሮሲስ ጊዜ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ለመድማትም ያጋልጣል።

ጥያቄ፦ በአካባቢያችን የቀን ሕክምና ክፍል ከሌለስ?

መልስ፦ የሚከታተልዎትን ሐኪም፣ ውሃው በቀጠሮ በተኝቶ ሕክምና ክፍል እንዲቀዳ ይጠይቁ። በየጠዋቱ ክብደትዎን መዝግቡ። መጨረሻ የተቀዱበትን ቀን፣ የወጣውን ሊትርና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ሁልጊዜ ይያዙ፤ ድንገተኛ ክፍል የሚያገኝዎት ሐኪም ከዚያ በፊት አይቶዎት አያውቅምና።