የቡልጋሪያ ኒሻን መሰብሰብ ለጀመራችሁ ልጆች

ልጆቼ፣

አንዳንዶቻችሁ ፎቶ ትልኩልኛላችሁ። «ጋሼ፣ ይሄ ኦሪጅናል ነው?» ከፎቶው ጋር ሁልጊዜ ታሪክ አብሮ ይመጣል። የሸጠችልኝ የሻለቃው የልጅ ልጅ ናት፣ ከአያት ሳጥን ነው የወጣው፣ ሌላ ገዢ እየጠበቀ ነው። እኔ ታሪኩን ዘልዬ ፎቶውን ነው የማየው። ታሪክ ዋጋ ለማስወደድ ጥሩ ነው፤ ለማጣራት ግን አይረዳም።

በደርግ ጊዜ ለትምህርት ቡልጋሪያ ከተላኩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ነኝ። ዕድሜዬን የበላሁት አሮጌ ብርና ኢናሜል (ብረት ላይ ቀልጦ የሚለበጥ ባለቀለም መስታወት) በመጠገን ነው። ስለዚህ ብረቱን ብቻ አይቼ እንድፈርድ ትጠብቃላችሁ። ብረት ማየት ተገቢ ነው፣ እመለስበታለሁ። ግን ፌኩን ቶሎ የሚያጋልጠው ብዙ ጊዜ ብረቱ አይደለም፤ ዘመኑ ነው። ኒሻን የመንግሥት ሰነድ ነው። ያቋቋመው አዋጅ አለ፣ የገዢው ስም አለ፣ የዘመኑ አጻጻፍ አለ። አስመሳዩ አንዱን ሲያስተካክል ሌላውን ይረሳል።

ስለዚህ ከአጉሊ መነጽር በፊት የገዢዎቹን ዝርዝር በቃላችሁ ያዙ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ልዑል አሌክሳንደር ከ1879 እስከ 1886፣ ፈርዲናንድ ከ1887 እስከ 1918፣ ሦስተኛው ቦሪስ ከ1918 እስከ 1943፣ ከዚያ ሕፃኑ ስምዖን እስከ 1946። ፈርዲናንድ ላይ ቆም በሉ። አገሪቱ በ1908 ሙሉ ነፃነቷን እስክታውጅ ድረስ እሱ ልዑል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ንጉሥ ሆነ። በሜዳሊያው ዙሪያ ያለው ማዕረግም አብሮ ተለወጠ። ማዕረጉ ከዓመቱ ካልገጠመ ሌላውን ለማየት መድከም የለባችሁም።

አጻጻፉም እንደዚሁ ይመሰክራል። በ1945 ቡልጋሪያ የፊደል ማሻሻያ አድርጋ በአንዳንድ ቃላት መጨረሻ ላይ ይጻፉ የነበሩ የማይነበቡ ፊደላትን አስቀረች። «ለጀግንነት» የሚለው ታዋቂው የመስቀል ኒሻን በነገሥታቱ ዘመን ሲሠራ ያች ትርፍ ፊደል አለችበት። የ1915 መስቀል ነው ተብሎ በዛሬው አጻጻፍ የተጻፈ ካያችሁ፣ የሠራው ሰው የተማረው ከ1945 በኋላ ነው ማለት ነው።

እዚሁ ላይ ግን ችኩል የሆነ ልጅ እውነተኛውን ፌክ ብሎ ይጥላል። የጀግንነት ኒሻን የተቋቋመው በ1880 መጀመሪያ ነው፤ የመጀመሪያው መስቀል ጀርባ ላይ ያለው ግን 1879 ነው። ስህተት አይደለም። ለአንደኛው የዓለም ጦርነት 1915 ተጻፈበት፣ ለሁለተኛው 1941። ይህ ዓመት መስቀሉ የትኛው እትም እንደሆነ እንጂ ሰውየው መቼ እንደተሸለመ አይናገርም። ቡልጋሪያ በሴፕቴምበር 1944 ጎራ ቀይራ ጀርመንን ስትወጋም የሚሰጠው ያው 1941 የተጻፈበት መስቀል ነበር። አንድ ዓይነት መስቀል፣ ሁለት ተቃራኒ ወገን። እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

በ1881 የተቋቋመው የቅዱስ አሌክሳንደር ኒሻን ደግሞ ጀርባው ላይ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1878 ይላል። ቡልጋሪያውያን ከቱርክ አገዛዝ ነፃ የወጡበትን ቀን የሚያከብሩት ግን በማርች 3 ነው። ሁለቱም ያው ሩሲያና ቱርክ ጦርነታቸውን ያቆሙበት የሳን ስቴፋኖ ውል ቀን ነው፤ አገሪቱ እስከ 1916 ድረስ የምትጠቀመው በአሮጌው አቆጣጠር ነበርና። በሁለት አቆጣጠር ላደግን ለእኛ ይሄ መቼም አዲስ ነገር አይደለም። አሮጌ የሹመት ወረቀት ስታነቡም አስታውሱት፤ በ19ኛው መቶ ዘመን 12 ቀን፣ በ20ኛው 13 ቀን ልዩነት አለ።

አሁን ወደ ብረቱ። እውነተኛው ሜዳሊያ የተመታ ነው። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ቅጂ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይኖሩታል፣ የፊደሉ ጠርዝ የሟሟ ይመስላል፣ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር መጠኑም ትንሽ ያንሳል። መለኪያና ሚዛን ግዙ፤ ርካሽ ናቸው። ኢናሜል መስታወት ነው፤ ሲሰበር እንደ መስታወት ነው የሚሸረፈው። በቀለም ወይም በፕላስቲክ የተሞላ ግን ይጫጫራል እንጂ አይሸረፍም። በጋለ መርፌ ሞክሩት የሚላችሁን ሰው አትስሙ፤ የራሱ ዕቃ አይደለም።

ከሙሉ ፌክ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ «የተሻሻለ» እውነተኛ ዕቃ ነው። የቅዱስ አሌክሳንደር ኒሻን ጎራዴ ያለውም የሌለውም አለ። ጎራዴው የጦር ሜዳ ምልክት ስለሆነ ዋጋውን ይሰቅለዋል። እናም ለሲቪል የተሰጠ መስቀል ላይ ጎራዴ ይበየዳል። መስቀሉ እውነተኛ፣ ኢናሜሉ እውነተኛ፣ ጎራዴው ትናንት የተሠራ! የብየዳውን ቦታ ከጀርባ እዩ። አዲስ ብየዳ ቀለሙ ይለያል፣ አጠገቡ ያለው ኢናሜልም ብዙ ጊዜ ከሙቀቱ የተነሳ ይሰነጠቃል።

ብዙዎቹ ቆንጆ ኒሻኖች ቪየና ነው የተሠሩት። የኦስትሪያ የብር ማኅተም እስከ 1922 የሮማውያን የአደን አምላክ የዲያና ራስ ነበር። ከዚያ በኋላ ተሠራ በተባለ ዕቃ ላይ ይህ ማኅተም ካለ ሻጩን ጠይቁት፤ መልሱ ያስቃችሁ ይሆናል። ሪባኑ (ኒሻኑ የሚንጠለጠልበት ጨርቅ) የሚለወጥ ነገር ስለሆነ ብዙ አትመኑበት። በአልትራቫዮሌት መብራት የሚያበራ ክር አዲስ ነው ይባላል፤ ግን ቢያበራ እንኳ በሳሙና ስለታጠበ ሊሆን ይችላል። ቡልጋሪያውያን ሦስት ማዕዘን አድርገው ያጥፉታል፤ ጀርመን የተሸለመበት ከሆነ ደግሞ ቀጥ ያለ ታገኛላችሁ።

ብሩን አትወልውሉ። የጠቆረው ይጥቆር።

በጀግንነት መስቀል አትጀምሩ፤ ዋጋው አይቀመስም፣ አስመሳዩም ያለው እዚያ ነው። በ1933 የተቋቋመውን የ1915–1918 ጦርነት መታሰቢያ ሜዳሊያ ፈልጉ። ለዘማቾቹ በብዛት ተሰጥቷል፣ አብረው ለተዋጉ ጀርመኖችና ኦስትሪያውያንም ጭምር። አንዳንዱ ከነምስክር ወረቀቱ ይገኛል፤ ከተገኘ ሁለቱን ፈጽሞ አትለያዩ። ትንሽ ጨምራችሁ ከወረቀቱ ጋር ግዙ።

ሶፊያ ከሄዳችሁ መጀመሪያ ብሔራዊ የጦር ታሪክ ሙዚየም ግቡና እውነተኛውን እስኪበቃችሁ እዩ። ከዚያ በአሌክሳንደር ኔቭስኪ ካቴድራል አጠገብ ያለውን የአሮጌ ዕቃ ገበያ ዙሩ። እዚያ ሻይ ጠጥቶ መጫወት ደስ ይላል፤ ብር ማውጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የገዛችሁትንም ከአገር ከማውጣታችሁ በፊት ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቁ። ቡልጋሪያ ከ2009 ጀምሮ ጥብቅ የባህል ቅርስ ሕግ አላት፤ የኤርፖርት ፈታሽ ደግሞ የሻለቃውን የልጅ ልጅ ታሪክ አይሰማም።