በስመ ሥላሴ የታረደ ጭዳ

ጥያቄ፦ ልጄ ትኩሳት እየተመላለሰባት ስትሰቃይ አማቴ «ዓይነ ጥላ ነው» ብለው ገብስማ ዶሮ አስገዙኝ። ዶሮው በልጅቷ ራስ ላይ ሦስት ጊዜ ከዞረ በኋላ ደጃፍ ላይ ታረደ፤ ሥጋውም ሳይበላ መንታ መንገድ ላይ ተጣለ። ያረደው ሰው በስመ ሥላሴ ብሎ ነው ያረደው። ልቤ ግን አላረፈም። «አትግደል» የሚለውን ትእዛዝ ተላልፈን ይሆን?

መልስ፦ እግዚአብሔር ልጅዎን ይማርልዎ። ልብዎ አለማረፉ መልካም ነው፤ ነገር ግን እርስዎን ያስጨነቀዎትና በቤትዎ የተፈጸመው በደል አንድ አይደሉም።

«አትግደል» የተባለው ስለ ሰው ሕይወት ነው። ከጥፋት ውኃ በኋላ እግዚአብሔር ለኖኅ ሕይወት ያለውን ተንቀሳቃሽ ሁሉ መብል አድርጎ ሰጥቶታል፤ በዚያው ምዕራፍ ግን የሰውን ደም የሚያፈስ እንደሚጠየቅ ተናግሯል፤ ሰው በእግዚአብሔር መልክ ተፈጥሯልና (ዘፍ. 9፥3-6)። ስለዚህ ለፋሲካ የሚታረደው ዶሮም ሆነ ለዝክር ታርዶ ድኃ የሚበላው በግ ትእዛዙን አይነካም። ይህ ማለት በእንስሳ ላይ መጨከን ተፈቅዷል ማለት አይደለም፤ ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ ተጽፏል (ምሳ. 12፥10)።

እኔን ይልቁንም የሚያሳስበኝ «በስመ ሥላሴ ታርዷልና ምንም የለበትም» የሚለው ማስተባበያ ነው። ይህን ከብዙ ምእመናን ሰምቼዋለሁ፤ አንዳንዶቹ በየዕለቱ የሚያስቀድሱ ናቸው። አስቄዋ የተባለው የአይሁድ ካህናት አለቃ ልጆችም በጌታ ኢየሱስ ስም አጋንንትን ሊያወጡ ሞክረው ነበር፤ ርኩሱ መንፈስ ግን «ኢየሱስንስ አውቀዋለሁ ጳውሎስንም አውቀዋለሁ፤ እናንተሳ እነማን ናችሁ?» አላቸው፤ ቆስለውም ዕራቁታቸውን ሸሹ (የሐዋ. 19፥13-16)። የሥላሴ ስም ለሌላ በተሰጠ ነገር ላይ ቢጠራ ነገሩን ንጹሕ አያደርገውም፤ የጠራውን ሰው ግን በስሙ ላይ ያስደፍረዋል።

ለሌላ መሰጠቱ በምን ይታወቃል ቢሉኝ፣ በራስዎ ጥያቄ ውስጥ አለ። ቀለሙ ለምን ተመረጠ? በልጅቷ ራስ ላይ ለምን ዞረ? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ሥጋው ለምን አልተበላም? ለመብል ቢታረድ ኖሮ ከድስት በገባ ነበር፤ ለምጽዋት ቢሆን የቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ለተቀመጡት በደረሰ ነበር። የተጣለው ደዌው ወደ ዶሮው ተላልፏል ተብሎ ስለታመነ ነው። ሐዋርያው ለአጋንንት የሚሠዋ ነገር እንዳለ አስጠንቅቆ ከዚያ ማኅበር እንድንርቅ የነገረን ስለዚህ ነው (1ኛ ቆሮ. 10፥20)። ስለ እኛ የፈሰሰው የክርስቶስ ደም ሳለ፣ የዶሮ ደም ለልጅዎ ምን ሊጨምርላት ይችላል?

ሌላም አለ፤ ይህን ስጽፍ ልቤ ያዝናል። ጭዳው መንታ መንገድ ላይ የሚጣለው የረገጠው ወይም ያነሣው መንገደኛ ደዌውን ይዞ እንዲሄድ ታስቦ ነው። ያ መንገደኛ የሌላ እናት ልጅ ሊሆን ይችላል። ወንድሙን የሚጠላ ነፍሰ ገዳይ ከሆነ (1ኛ ዮሐ. 3፥15)፣ ለማያውቀው ሰው ልጅ ደዌ የሚመኝስ ምን ይባላል? እንግዲህ «አትግደል» የሚለው ትእዛዝ ወደ ቤትዎ የገባው በዶሮው በኩል ሳይሆን በዚህ በኩል ነው። እርስዎ ይህን አስበው እንዳላደረጉት አምናለሁ፤ የታመመች ልጅ ያቀፈች እናት የተባለችውን ሁሉ ታደርጋለች።

አሁን ልጅቷን ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይውሰዷት፤ ሐኪምንም የፈጠረው እግዚአብሔር እንደሆነ ሲራክ ይነግረናል (ሲራክ 38፥1)። ጸበል ያስጠምቋት፣ ያስጸልዩላት። እርስዎም ሆነ ያረደው ሰው ለንስሐ አባታችሁ የሆነውን ሳትሸሽጉ ተናገሩ። አማትዎን ግን በቁጣ አይውቀሷቸው፤ እርሳቸው ይህን ከእናታቸው ተቀብለው የልጅ ልጃቸውን ለማዳን ነው ያደረጉት። እጃቸውን ይዘው አብረው ወደ ንስሐ አባትዎ ይሂዱ።