ውሃ የጠየቁኝ ሽማግሌ

ልጆቼ፣ ሰርቲፊኬታችሁን ይዛችሁ ሰሞኑን የሆም ኬር ሥራ፣ ታማሚን በቤቱ መንከባከብ፣ ልትጀምሩ ነው። እኔ በዋሽንግተንና በሜሪላንድ በዚሁ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። መጀመሪያ እንደ እናንተ ረዳት ነበርኩ፤ ኋላ ነርሲንግ ተምሬ ረዳቶችን መቆጣጠር ጀመርኩ። በእነዚህ ዓመታት ያየሁትን ልንገራችሁ፦ የእኛ አገር ልጅ በዚህ ሥራ ላይ ሲሳሳት አብዛኛውን ጊዜ ሰንፎ አይደለም። ይሉኝታ ይዞት ነው።

በጀመርኩበት ዓመት ስትሮክ መትቷቸው መዋጥ የሚያስቸግራቸው የ81 ዓመት ሽማግሌ ዘንድ ተመደብኩ። ኬር ፕላናቸው፣ የእንክብካቤ መመሪያቸው ማለት ነው፣ የሚጠጡት ሁሉ፣ ውሃም ቢሆን፣ ወደ ሳንባቸው እንዳይገባ በማወፈሪያ ዱቄት እንዲወፍር ያዛል። ቀጭን አጥሚት የመሰለ፣ ጣዕም የሌለው ነገር ነው፤ ሽማግሌው አጥብቀው ይጠሉት ነበር። አንድ የሐምሌ ከሰዓት እጄን ያዝ አድርገው «እባክሽ፣ አንዲት ጉንጭ ቀዝቃዛ ውሃ» አሉኝ። አያቴ ፊቴ ድቅን አሉብኝ። እኔ ባደግኩበት ቤት ውሃ የለመነን ሽማግሌ እምቢ ማለት ነውር ነው። ግማሽ ብርጭቆ ሰጠኋቸው። ትንሽ ትን አላቸው፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ ከዚያ ፈገግ አሉ። እኔም ደስ ብሎኝ ማታ መዝገቡ ላይ «ምሳ በልተዋል፣ ደህና ናቸው» ብዬ ጽፌ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን አተኮሳቸው፤ በአምቡላንስ ተወሰዱ። የሳንባ ምች ነበር። ሦስት ሳምንት ተኝተው ሲመለሱ ከአልጋ ወደ ወንበር ለመሻገር እንኳ አቅም አጡ።

ዛሬም የሚቆጨኝ ውሃውን መስጠቴ ብቻ አይደለም። ለነርሷ ደውዬ «ወፍራሙን ውሃ አይወዱትም፣ የሚጠጡትም በጣም ጥቂት ነው» አለማለቴ ነው። ብደውልላት የመዋጥ ቴራፒስት ልካ ታስመረምራቸው ነበር። አፉ በደንብ ከጸዳ በኋላ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ በቴራፒስት ፈቃድ ንጹሕ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ የሚሰጠው ታማሚ አለ። እኔ ግን ጥያቄውን ለራሴ ይዤ፣ መልሱንም ራሴ ሰጠሁ።

ሕጉን ታውቁታላችሁ። ሜዲኬር፣ የአረጋውያኑ የመንግሥት የጤና መድን፣ በሚከፍለው ኤጀንሲ የሚሠራ ረዳት ቢያንስ 75 ሰዓት ይሠለጥናል፤ ከዚያ 16ቱ በተቆጣጣሪ ፊት በተግባር የሚሠራ ነው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 12 ሰዓት አለ። የነርስ ሕክምና ያለው ታማሚ ከሆነ ደግሞ የእናንተ ሥራ ቢያንስ በ14 ቀን አንዴ ይገመገማል። እስቲ አስቡት። ነርሷ በሁለት ሳምንት አንዴ ብቻ ብቅ ልትል ትችላለች፤ በተረፈው ጊዜ ሁሉ ታማሚውን የሚያየው የእናንተ ዓይን ብቻ ነው። ስልካችሁ ላይ ገባሁ፣ ወጣሁ የምትሉበትም አሠራር እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ሕግ የመጣ ነው፤ ማን፣ ለማን፣ ምን አገልግሎት፣ በየትኛው ቀን፣ የት፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሰጠ ይመዘግባል። ካልሲ አውልቃችሁ ተረከዝ ማየት አለማየታችሁን ግን አይመዘግብም።

ተረከዝ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ብዙ የሚተኛ ሰው ቁስል የሚጀምረው ተረከዙ፣ ዳሌውና የወገቡ ታች ላይ ነው። ቀይ ቦታ ካያችሁ በጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት። ነጣ ብሎ ተመልሶ ከቀላ ደሙ ይዘዋወራል፤ ሳይነጣ ቀልቶ ከቀረ ጉዳቱ ጀምሯል። ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል ከአካባቢው ጠቆር ማለቱን ተመልከቱ፤ ሙቀቱንና መጠንከሩን በእጃችሁ ዳስሱ። እኛ እንዲህ ያለውን ቅባት ቀብቶ ማሸት ይቀናናል። አትሹት፤ ማሸት ከሥር ያለውን ሥጋ ይጎዳል። ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ ከባቱ ሥር ትራስ አድርጉ፣ ጻፉ፣ ለነርሷ ደውሉ። ከእናንተ በፊት ያለችው ልጅ ትወቀስብኛለች ብላችሁ ዝም አትበሉ። ይህ ማሳበቅ አይደለም። በአንዲት ታማሚ ላይ ቁስሉ አጥንት ላይ ሲደርስ አይቻለሁ፤ የዝምታውን ዋጋ የከፈሉት አልጋው ላይ ያሉት ሴትዮ ናቸው።

ሌላው ደግሞ ለሽማግሌ ሁሉን ነገር ሠርቶ መስጠት ነው። ሸሚዛቸውን ሲቆልፉ አሥር ደቂቃ ይፈጅባቸዋል፤ ቆሞ ማየቱ እንደ ንቀት ይሰማችኋል፤ እጃችሁ ይፈጥናል። ታገሡ። እነዚህ ሰዎች በቤታቸው የመኖር መብታቸው በነፃ የተገኘ አይደለም። ሎይስ ከርቲስና ኢሌን ዊልሰን የተባሉ ሁለት የጆርጂያ ሴቶች፣ ሐኪሞቻቸው ከሆስፒታል ውጭ መኖር እንደሚችሉ ከመሰከሩ በኋላም ሆስፒታል ተዘግቶባቸው ነበር። ክሳቸው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1999 ተፈረደላቸው፤ ያለ በቂ ምክንያት ሰውን በተቋም ዘግቶ ማኖር አድልዎ ነው ተባለ። እንዲህ ተለፍቶበት ቤቱ የቀረ ሰው የገዛ ሸሚዙን መቆለፍ ካቆመ ያ እጅ ቶሎ ይሰንፋል። አሥር ደቂቃውን ስጧቸው።

በሁለት ሰው ይነሳ የተባለን ታማሚ ግን ለብቻችሁ አታንሱ። ልጃቸው «ትላንት የመጣችው እኮ ብቻዋን አነሳቻቸው» ቢላችሁም አታንሱ። ወገባችሁ አንድ ነው፤ እሳቸው ከወደቁ ደግሞ ላይነሱ ይችላሉ።

ሽማግሌው ከሆስፒታል በተመለሱ ሳምንት ለነርሷ እውነቱን ነገርኳት። ተቆጣችኝ፤ ከዚያ ስልክ አነሳች። ቴራፒስቷ መጥታ ሁለት ጊዜ መረመረቻቸው፤ በምግብ መካከል ውሃ በሻይ ማንኪያ ፈቀደችላቸው። አፋቸውን በብሩሽ አጸዳሁ፣ ጀርባቸውን በትራስ ደግፌ ቀጥ አደረግኳቸው፣ ከፍሪጅ የወጣውን ውሃ በማንኪያ ሰጠኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ዋጡት፤ ከዚያ አፋቸውን ከፍተው ሌላ ጠበቁ።