ቤቱ በባለቤቴ ስም ነው፤ እኔ ሳልፈርም አስይዞታል

ጥያቄ፦ የአዲስ አበባ ነዋሪ ነኝ። ከተጋባን 12 ዓመታችን ነው፣ ሁለት ልጆች አሉን። ከተጋባን በኋላ አራት ዓመት ቤይሩት ሰው ቤት ሠርቼ በላክሁት ገንዘብ ቤት ገዛን። እኔ ስላልነበርኩ ካርታው በባለቤቴ ስም ወጣ። ከተመለስኩ ወዲህ እንጀራ እየጋገርኩ ለምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። ንግድ ፈቃዱም በእሱ ስም ነው። ከአራት ወር በፊት የልጄን የክትባት ካርድ ስፈልግ አንድ ውል አገኘሁ። ከ14 ወር በፊት የተፈረመ ነው። ወንድሙ ከአንድ ነጋዴ ለተበደረው ገንዘብ ባለቤቴ ቤታችንን መያዣ ሰጥቷል። ስጠይቀው «ቤቱ በስሜ ነው፤ ደግሞ ስትሄጂ ውክልና ሰጥተሽኛል» አለኝ። ነገሩን ሽማግሌዎች ይዘውታል፤ «ታገሺ» ይሉኛል። ትዳሬን ማፍረስ አልፈልግም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ስለ ቤቱ ከማውራታችን በፊት ቀን እንቁጠር። የቀረዎት ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነው።

በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 69፣ አንዱ ተጋቢ የሌላውን ስምምነት የሚፈልግ ውል ብቻውን ከፈረመ ሌላው ተጋቢ ውሉ እንዲፈርስለት ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። ግን የጊዜ ገደብ አለው። ውሉ መኖሩን ካወቁበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ነው። ባያውቁም እንኳ ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት ካለፈው መብቱ ያበቃል። የእርስዎ ውል 14 ወሩ ነው፣ ካወቁት ደግሞ 4 ወር ሆኗል። ሁለቱም ገደቦች ገና አላለፉም፤ ቀድሞ የሚደርሰው ግን የ6 ወሩ ነው።

ሽማግሌዎቹን አልነቅፍም። ስንት ትዳር አቃንተዋል። ግን «ፆሙ ይለፍ»፣ «በዓሉ ይለፍ» ሲባል ስድስት ወር ሳይታወቅ ያልቃል። ጊዜው ካለፈ በኋላ ዶሴ ታቅፈው ቢሮዬ የመጡ ሴቶች አሉ፤ ያኔ የምነግራቸው ነገር ያጥረኛል። ሽማግሌ ስለተቀመጠ ቆጠራው ቆሟል ብለው አይዘናጉ። አቤቱታውን ያስገቡ፣ ሽምግልናውም ይቀጥል። ከታረቃችሁ ስምምነቱን ለፍርድ ቤቱ አቅርባችሁ ታስመዘግባላችሁ።

ትዳርዎን በተመለከተ አይስጉ። ይህ የፍቺ ክስ አይደለም። አንቀጽ 69 የተጻፈው በጋብቻ ውስጥ ላሉ ሰዎች ነው። ውሉ እንዲፈርስ እየጠየቁ በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር ይችላሉ።

አሁን ወደ «ቤቱ በስሜ ነው» እንምጣ። ካርታ ላይ የማን ስም አለ የሚለው ብቻውን አይወስንም። በጋብቻ ወቅት ተጋቢዎች በግል ጥረታቸው ያገኙት ገቢ የጋራ ነው (አንቀጽ 62)። ንብረቱ በአንዳቸው ስም ብቻ የተመዘገበ ቢሆንም እንኳ የጋራ እንደሆነ ይገመታል፣ የግሌ ነው የሚል ወገን ነው ማስረዳት ያለበት (አንቀጽ 63)። ስለዚህ የማስረዳቱ ሸክም ያለው ባለቤትዎ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ የሚከብድ እውነት አለ። ገንዘቡን የላክሁት እኔ ስለሆንኩ ቤቱ የእኔ ብቻ ነው ማለትም አይቻልም። የቤይሩት ደመወዝዎም በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ስለሆነ የጋራ ነው። ይህን ስነግራቸው የሚከፋቸው ብዙ ናቸው። አራት ዓመት በሰው ቤት ወለል እየወለወሉ፣ የልጅን ድምፅ በስልክ ብቻ እየሰሙ የተገኘ ገንዘብ ነው፤ ቢከፋቸው አልፈርድባቸውም። ሆኖም ይኸው ደንብ ነው አንድ ብር ደመወዝ ሳታገኝ ልጅ ስታሳድግ የኖረችውን ሴት ባዶ እጇን ከመውጣት የሚያድናት። እኔ ይህን ደንብ አጥብቄ እደግፋለሁ።

ቤቱ የጋራ ከሆነ አንቀጽ 68 ይከተላል። የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ለማከራየት ወይም መያዣ ለማድረግ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደር ወይም ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ለመሆንም እንደዚሁ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ አለቃ ነበር፣ ሚስትም የመታዘዝ ግዴታ ነበረባት። ያ ከተለወጠ ሃያ ዓመት አልፎታል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና የማስተላለፍ መብት እንዳላቸው በግልጽ ይናገራል። ባለቤትዎ «በስሜ ነው» ሲሉ ምናልባት የድሮውን ሕግ ሲነገር እየሰሙ ስላደጉ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ውክልናው ነው። ዛሬ ነገ ሳይሉ ቅጂውን አውጥተው እያንዳንዱን መስመር ያንብቡ። በረራው ነገ ነው ተብሎ፣ ሻንጣ ሳይታሰር፣ ሳይነበብ የሚፈረም ውክልና ስንት ቤት አናግቷል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 መሠረት ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚያሠራው። ወረቀቱ ላይ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በመያዣ እንዲያስይዝ» የሚል ቃል ከሌለ የባለቤትዎ መከራከሪያ ይወድቃል። ካለ ግን ጉዳዩ ይከብዳል፤ ውሉንና ውክልናውን ጎን ለጎን የሚያይ ጠበቃ ያስፈልግዎታል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ውክልናውን አሁኑኑ ይሻሩ። ወካይ በፈለገው ጊዜ መሻር ይችላል። በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ያድርጉት፣ ለባለቤትዎም በጽሑፍ ያሳውቁ።

ቀጥሎ የቤቱ ካርታ የተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ሄደው መያዣው መመዝገብ አለመመዝገቡን ይጠይቁ። በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የሚደረግ መያዣ ውጤት የሚኖረው በመዝገብ ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው። አልተመዘገበም ከተባለ የነጋዴው አቋም ይዳከማል። ተመዝግቧል ከተባለም አይደንግጡ፣ ክሱ አሁንም አለ። ከአቤቱታው ጋር ቤቱ እንዳይሸጥና ለሌላ እንዳይተላለፍ እግድ ይጠይቁ። የጋብቻ ማስረጃዎን፣ የካርታውን ቅጂና ገንዘብ የላኩባቸውን ደረሰኞች ይያዙ። ደረሰኝ ከጠፋ የላኩበትን ድርጅት ወይም ባንኩን ይጠይቁ። የጠበቃ ገንዘብ ከሌለዎት የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ለዳኝነት ክፍያ አቅም እንደሌለዎት ካስረዱም ፍርድ ቤቱ በነፃ እንዲከሱ ሊፈቅድልዎ ይችላል።

በክልል ያላችሁ አንባቢዎች የራሳችሁን ክልል የቤተሰብ ሕግ ጠይቁ። አዋጅ 213 የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው።

ስለ ንግድ ፈቃዱ አጭር መልስ ልስጥዎት። በራስዎ ስም ማውጣት ይችላሉ፣ የባል ፈቃድ የሚጠይቅ ሕግ የለም። ትርፉ ያው የጋራ ነው። ግን የግብር ወረቀቱና የባንክ ታሪኩ በእርስዎ ስም ይሆናል፣ ምግብ ቤቶቹም የሚዋዋሉት ከእርስዎ ጋር ይሆናል። ምጣድ ለመጨመር ብድር ሲጠይቁ ደግሞ ባለቤትዎም መስማማት አለባቸው፤ አንቀጽ 68 ለእርሳቸውም ይሠራል።

ውሉን ያገኙ ዕለት በስልክዎ ፎቶ አንስተውት ከሆነ አያጥፉት። መቼ እንዳወቁ ሲጠየቁ ቀኑን ያሳይልዎታል።